የጎማ ማኅተም ያለበት ፖስታ

ቨርሊን ቴትስ ሠላሳ ስምንተኛውን ስም ስትጽፍ ተያዘች።

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ጥግ፣ ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ ቆማ ነበር። ስሙን ጻፈች፤ አድራሻውን ጻፈች፤ ስልኩን ጀመረች። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ አንድ እጅ በትከሻዋ በኩል አልፎ ደብተሩን ያዘው። ቲገን ዎይቺክ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ተማሪዎቹ ማክሰኞና ቅዳሜ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ታክስ ሲሠሩ፣ የዓመቱን የታክስ ቅጽ ሲሞሉለት፣ የምትመራቸው እሷ ናት።

ቲገን ገጾቹን ገለጠች። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። ከእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ። ጎማ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የገበያ ዝርዝር» አለች ቨርሊን።

ልጅቱ አልሳቀችም። ሰልፉ ላይ ሃያ ስድስት ሰው ነበር፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። ደብተሩን ኪሷ ከተተችና ሥራ ሲያልቅ እንነጋገራለን ብላ ሄደች። ቨርሊን ወደ በሩ ተመልሳ የሚቀጥለውን ተራ ጠራች። የከነከናት መያዟ አልነበረም። የደብተሩ ነገር ነበር።

ደብተሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአንድ ሰው ደንበኞች ናቸው። ሰውየው ክሌመንት ራስክ ይባላል።

በሳጊናው ከተማ ምሥራቅ በኩል ያደገ ሁሉ ራስክን ያውቀዋል። ጎሚስታ ቤት አለው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ግን ሰው የሚጎርፍለት ለታክስ ነው፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ክፍል ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ አለው። የሰፈሩን ልጆች ቅርጫት ኳስ ያሠለጥናል። ለቀብር ወንበር ያውሳል። ሰው «ራስክ ያወጣልሃል» ይላል፤ ሌላ ቦታ ሁለት ሺህ የሚመለስልህ እሱ ጋ አራት ይሆናል ለማለት። ሠርቶ ሲጨርስ ቅጂውን የጎማ ማኅተም የተመታበት ቡናማ ፖስታ ውስጥ ይከታል፤ ከላይ ጎማ በነፃ የሚያሞላ ኩፖን በስቴፕለር ያያይዛል። የኮምፒውተሩ ፊት ሁልጊዜ ወደ እሱ ነው። ተቀምጠህ የምታየው ጀርባውንና ሽቦውን ነው።

ፊርማውን የትም አያኖርም። ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ታክስ የሚሠራ ሰው ስሙን እንዲፈርም ሕጉ ያስገድዳል። የራስክ ደንበኞች ቅጽ ግን ባለቤቱ ራሱ እንደሠራው ሆኖ ነው የሚላከው።

ቨርሊን እሱ ጋ አሥራ አንድ ዓመት አሠርታለች። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ማቅለጫው ተዘጋ፤ እሱም ብዙ አልቆየም። እሷ ሆስፒታል፣ ልብስ እጥበት ክፍል ገባች። ሥራዋ አንሶላ ማጠፍ ነው። ከትልቁ መተኮሻ እየወጣ ሲመጣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጥፈዋል፤ በቀን አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ። መተኮሻው ግራ ክንዷ ላይ የተወው ጠባሳ አለ። ሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷን አልቀነሳትም፤ ሰዓቷን ግማሽ አደረገው። አላገባችም። ወንድሟ ላሞንት ሲሞት ሁለት ሴት ልጆቹን፣ ኬዚያንና ጆስሊንን፣ ወስዳ ታሳድጋለች።

እንደ እሷ ላለ ሰው ዓመቱ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው መንግሥት የሚመልሰው ገንዘብ በአንድ ቀን ይገባል። የቤት ማሞቂያውም፣ መኪናውም፣ የጥርስ ሐኪሙም ለዚያች ቀን ይቀጠራል። በአሥራ አንደኛው ዓመት ራስክ ለቨርሊን አምስት ሺህ ዶላር አወጣላት። ደስ ቢላት ባለ ሦስት ድርብ ካራሜል ኬክ ጋግራ ወሰደችለት። ጎማዎቹ መሐል ቆሞ በእጁ እየቆረሰ ሲበላ አየችው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ፖስታ መጣ። አልከፈተችውም። እዚያ ሰፈር ማንም አይከፍተውም። አድራሻው በላስቲክ መስኮት የሚታይ የመንግሥት ፖስታ ሲመጣ እንደታሸገ ታክሱን ለሠራው ሰው ይወሰዳል፤ እናቷም እንደዚያ ታደርግ ነበር። ራስክ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ጣለው። «እኔ አለሁልሽ» አላት። ሁለተኛው መጣ፤ ወሰደችለት። ሦስተኛው መጣ፤ ወሰደችለት። አራተኛው የመጣ ቀን ጎሚስታ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ራስክ አጎቱን ሊቀብር ዲትሮይት ሄዷል። ቨርሊን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጓንቷን ሳታወልቅ ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችው።

ስለ ሹሩባ ሥራሽ ማስረጃ እንድታቀርቢ ሦስት ጊዜ ጠይቀንሽ አልመለስሽም ይላል።

ቨርሊን የሰው ፀጉር ሠርታ አታውቅም። የልጆቹን ፀጉር እንኳ የምትሠራላት ጎረቤቷ ዳርኔታ ናት።

ነገሩን በኋላ ያስረዷት ተማሪዎቹ ናቸው። ራስክ ሁለት ወረቀት ይሠራል። አንዱን ለሰውየው ይሰጣል፤ ሌላውን ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። በሚልከው ላይ የሌለ ሥራ ይጨምራል፤ ለሴት ሹሩባ፣ ለወንድ ሣር አጨዳ። በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ደመወዝተኛ ገቢው ከፍ ሲል ተመላሹም ከፍ ይላል። በቨርሊን ስም ከመንግሥት የወጣው ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ነበር። አምስቱ ሺህ ወደ እሷ ባንክ ገባ። የቀረው ወደ ራስክ ገባ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሺህ ሦስት መቶውን ከእሷ ጠየቀ፤ ቅጣት ጨመረበት፤ የሐሰት ቅጽ አስገብተሻል ብሎ ለሁለት ዓመት ከተመላሹ አገዳት። ይግባኝ የሚባልበት ቀን አልፏል። ቀኑ ያለፈው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ወደ ራስክ ሄደች። አልጮኸችም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጣትና፣ አምስት ሺህሽን በልተሻል፣ ምን ጎደለብሽ አላት። ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም እንደሆነ ጠየቃት። የእሷ ነው። የእሱ ስም የት እንዳለ ጠየቃት። የትም የለም። እንግዲህ አለና ትከሻውን ሰበቀ። በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት።

«ኬክሽን ግን አልረሳውም።»

ጎማ ይፈቱ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ።

የቤቷ ማሞቂያ ያን ክረምት ሞተ። ሁለት ክረምት ሦስቱም ወጥ ቤት ውስጥ፣ የምድጃውን በር ከፍተው ተኙ። ኬዚያ የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ቡድን ተወች፤ የመለከቷ ኪራይ በወር ሠላሳ አምስት ዶላር ነበር። ቨርሊን ወጥ ቤት ያደሩበትን እያንዳንዱን ሌሊት ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር መስመር አሰመረችበት። መቶ ዘጠና አራት መስመር። ካላንደሮቹን አልጣለቻቸውም።

ወደ ምድር ቤቱ መጀመሪያ የመጣችው ታክስ ለማሠራት ነው። በዓመቱ የመጣችው ለበቀል ነው።

በር ላይ ተራ የሚያስይዝ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ እኔ አለሁ አለች። እዚያ በነፃ የሚሠራ ሁሉ፣ በር የሚከፍተውም ሳይቀር፣ ስለ ሥነ ምግባር ፈተና ይፈተናል። ቨርሊን አንድ ጥያቄ ብቻ ተሳሳተች፤ ስለ ምስጢር የሚጠይቀውን። ከዚያ በር ላይ ቆማ ተራ ስትሰጥ ሰው በእጁ የያዘውን ማየት ጀመረች። የጎማ ማኅተም ያለበት ፖስታ የያዘውን ሁሉ ጻፈች።

ያን ማክሰኞ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ቲገን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በዚህ ምን ሊያደርጉ ነበር ስትላት ቨርሊን አልደበቀችም። መጀመሪያ አንድ በአንድ ትደውላለች። ቀጥላ ዝርዝሩን ለመሥሪያ ቤቱ ትልካለች። ከዚያ በሩ ላይ ትለጥፋለች።

«በማን በር?»

«በእሱ። በሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን። ባገኘሁት በር ሁሉ።»

ቲገን ሁሉም የፈረሙትን ወረቀት አስታወሰቻት። የሰው ስም ከዚህ ክፍል አይወጣም። ከወጣና ከታወቀ ቦታው ይዘጋል። ባለፈው ዓመት አራት መቶ አሥር ቤተሰብ እዚህ ታክሱን ሠርቷል። እዚህ ከተዘጋ በነፃ የሚሠራበት ሌላው ቦታ ቤይ ሲቲ ከተማ ነው፤ ወደዚያ አውቶቡስ የለም። ብዙዎቹ ተመልሰው የሚሄዱት ወደ ጎሚስታ ቤቱ ነው።

«እሱ የሰውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ደበቀ። እርስዎ ኪስዎ ውስጥ» አለች ልጅቱ።

ቨርሊን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ፣ ቤትሽ ማሞቂያ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ቲገን ዝም አላለችም። ወረቀት መቆራረጫ ማሽኑን ሰካችና ሌላ መንገድ ነገረቻት። ሰው የራሱን ወረቀት ማየት መብቱ ነው። የተላከው ምን እንደሚል ራሱ መሥሪያ ቤቱን ከጠየቀ በአሥር ቀን ውስጥ በፖስታ ይመጣለታል። ይዞት ይምጣ። ተማሪዎቹ እዚህ ያላቸው ደንብ አንድ ነው፤ የሠሩት ሁሉ ከመላኩ በፊት ሌላ ተማሪ መጥቶ ኮምፒውተሩን ወደ ባለቤቱ ያዞርና መስመር በመስመር ያነብለታል፤ በየመስመሩም ይህ የእርስዎ ነው ብሎ ይጠይቃል። ያለፈውንም ዓመት እንደዚያው እናነብላቸዋለን አለች። ከዚያ አቤቱታ መፈረም የፈለገ ይፈርማል። ያልፈለገ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የራስክን ስም እዚህ ማንም አይጠራም።

«ስንት ይፈርማል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም።»

ቨርሊን ገጾቹን ራሷ እየገነጠለች ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ግማሹን ዝርዝር በቃሏ ታውቀው ነበር። ይህን ለቲገን አልነገረቻትም።

ከዚያ በኋላ የጎማ ማኅተም ባየች ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ ለመሥሪያ ቤቱ የተላከውን አይተውት ያውቃሉ? አብዛኛው ሰው በእጁ ያለውን ፖስታ ያሳያታል። እሱ አይደለም፣ የተላከው ትላለች። ያን ጊዜ ፊታቸውን ታያለች። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የራሷ ነበር።

ከቨርሊን ቀጥሎ የፈረመው ኦርቪል ፒንክኒ የሚባል፣ የልጁን ልጅ የሚያሳድግ ሽማግሌ ነው። ጥበቃ ነው የሚሠራው። የተላከው ቅጽ ሲመጣለት ይዞ መጣ። ተማሪው ኮምፒውተሩን አዞረለትና ማንበብ ጀመረ። የጥበቃ ደመወዝ፤ የእኔ ነው አለ። የልጅ ልጁ ስም፤ የእኔ ነው አለ።

«የሣር አጨዳ ሥራ፣ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዶላር። ይህ የእርስዎ ነው?»

ሽማግሌው የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበው። ከጉልበቱ በታች ያለው ፕላስቲክ ነው።

«በየትኛው እግሬ?» አለ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኦርቪል አልሳቀም። በስሙ ወጥቶ እሱ ዘንድ ያልደረሰው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ወዴት እንደገባ ጠየቀ፤ ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀ።

ሁሉም እንደ ኦርቪል አልነበረም። አንዳንዱ አንብቦ ሳይፈርም ወጣ። አንዳንዱ የተላከውን ጭራሽ አላስመጣም። ቅጹ ከተከፈተ ሌላም ነገር ይወጣል ብለው ፈሩ፤ ለመንግሥት ገንዘብ መመለስ እንዳይመጣ ፈሩ። ራስክም ወሬው ደርሶታል። ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ለሚጠብቀው ሰው፣ እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመንግሥት ጆሮ ናቸው፤ በነፃ የሚሠራልህ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው ብሎ አስወራ። ማርች ላይ ሰልፉ ለሁለት ሳምንት በግማሽ ቀነሰ። ቲገን ባዶ ወንበሮቹን ስትቆጥር ቨርሊን አየቻት።

በማርች መጨረሻ የፈረመው ስምንት ሰው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ስልክ ስትደውል ቨርሊንንም አናገረቻት፤ የራሷን አቤቱታ ከሁሉ በፊት ፈርማ ነበርና። መርማሪዋ ቃል አላበዛችም። ስምንቱም ሰው ገንዘቡ ጎድሎብኛል ይላል። እሱ ደግሞ እነሱ ያሉኝን ጻፍኩ፣ ድርሻዬን ወደው ሰጡኝ ይላል። የራሱ ቃል ያስፈልጋል። የጻፈው ነገር። ያለበለዚያ ዓመታት ይፈጃል፤ ላይሆንም ይችላል።

ቨርሊን ስልኩን ዘግታ አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች። የራሱን ቃል ለማን እንደሚጽፍ ታውቃለች። ለዚህ ዝርዝር አያስፈልጋትም፤ የሁለቱ ቤት አጥር አንድ ነው።

ዳርኔታ ኮብ እውነተኛ ሹሩባ ሠሪ ናት። ሳሎኗ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ራስ ትሠራለች። ራስክ ሹሩባን ከየት እንዳመጣው ቨርሊን ቀድሞ ነው የጠረጠረችው፤ በሰፈሩ ሴት ሁሉ ስም የተጻፈው የዳርኔታ ሥራ ነው። በዳርኔታ ስልክ የሰውየው መልእክት ሲገባም አይታለች። ያኔ የፍቅር ነገር መስሏት ስቃ ነበር ያለፈችው።

እሑድ ከሰዓት ዳርኔታ የጆስሊንን ፀጉር ልትሠራ መጣች። ወጥ ቤት ነበሩ። ልጅቱ ወለሉ ላይ ትራስ ላይ ተቀምጣለች፤ ዳርኔታ ከኋላዋ ወንበር ላይ፤ ቨርሊን ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ቨርሊን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። መልእክቶቹ አሁንም ስልክሽ ውስጥ አሉ ወይ አለቻት።

ዳርኔታ ፀጉሩን በማበጠሪያ ጫፍ ከፈለች። አሉ አለች። ራስክ በየዓመቱ ገቢዋን ከእውነተኛው እጥፍ ያደርገዋል፤ ስንት እንዳደረገው፣ የእሱ ድርሻ ስንት እንደሆነና በየትኛው ሒሳብ ቁጥር እንደሚገባ ይጽፍላታል። ለእሷ አልደበቀም፤ ተስማምታለች። ግማሽ ግማሽ ነበር።

«ከሌላውም እንደሚወስድ ታውቂ ነበር?»

«የማያውቅ አለ?»

«ከእኔስ?»

ዳርኔታ ሦስት ጉንጉን ጨረሰች።

«መቶ ዘጠና አራት ሌሊት እዚህ ወለል ላይ ተኝተናል» አለች ቨርሊን። «ሾርባ ይዘሽ መጥተሽ አይተሽናል። ያኔም ስልክሽ ውስጥ ነበር።»

«አሁን ብናገር ከእኔ ያስመልሳሉ።»

«ያስመልሳሉ።»

«ስሚ እንግዲህ። አንቺ እሱን ትበያለሽ፣ ሒሳቡ ለእኔ ይመጣል።»

«አዎ።»

ዳርኔታ ቀና ብላ አየቻት። ምናልባት ሌላ ቃል ጠብቃ ይሆናል። ቨርሊን የነበራት ሌላ ቃል ይህ ነበር፦

«ቅዳሜ ነይና ተራ ያዢ። ከአንቺ አፍ ከሰሙት ይቀልልሻል። ካልመጣሽ ከእኔ አፍ ይሰሙታል።»

ዳርኔታ ወዲያው ተነሥታ አልሄደችም። የጆስሊንን ፀጉር እስከ መጨረሻው ጉንጉን ሠራች፤ አንድ ሰዓት ፈጀ። ስትጨርስ እንደ ወትሮው ጫፎቹን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረች፣ በፎጣ ጨመቀች፣ ማበጠሪያዋን ቦርሳዋ ከተተች። ቨርሊን ሃያ ዶላር ሰጠቻት። ሌላ ጊዜ አልቀበልም ትል ነበር። ተቀበለች።

ቅዳሜ መጣች። ቨርሊን እንደማንኛውም ሰው ተራ ሰጠቻት፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ተራዋ ሲደርስ ቲገን ራሷ ኮምፒውተሩን አዞረችላትና አነበበችላት። የሹሩባ ሥራ ጋ ሲደርሱ ሥራው የእኔ ነው፣ ቁጥሩ የእኔ አይደለም አለች። ፈረመች። ስልኳን ለመርማሪዋ ለማሳየት እንደምትስማማም ፈረመች። ስትወጣ በሩ ጋ ቨርሊንን አልፋ ሄደች። ተራ የያዘችበትን ካርድ መመለስ ስላለባት እጇ ላይ አኖረችላት፤ ፊቷን ግን አላየችም።

ሜይ ላይ መርማሪዎች ጎሚስታ ቤቱ ገብተው ኮምፒውተሩንና የጠረጴዛውን መሳቢያዎች ወሰዱ። መሳቢያዎቹ ውስጥ ስልሳ አንድ ያልተከፈተ የመንግሥት ፖስታ ነበር። ሦስቱ የቨርሊን ናቸው።

ፍርዱ የሆነው በዓመት ከመንፈቁ፣ ቤይ ሲቲ ነው። ራስክ ጥፋቱን አምኗል። ቨርሊን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ለቀብር የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ በቲገን መኪና ሄደች። ቲገን በዚያን ጊዜ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ እሷም ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው። ቲገን በመንገድ ላይ ስለ ይቅርታ አንድ ነገር ጀምራ ነበር። ቨርሊን ሬዲዮውን ከፈተች።

ኮሪደሩ ላይ ራስክ ከጠበቃው ጋር ቆሟል። ከስቷል፤ ክራቫት አስሯል። ቨርሊን ሄዳ ፊቱ ቆመች። ለሦስት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንሶላ ስታጥፍ በቃሏ የምትለው።

«ቨርሊን ቴትስ ነኝ» አለችው።

ራስክ በትሕትና አያት። ፊቷን ፈለገው፤ ሲያጣው ታየ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ብዙ ሰው ነው። በጎማ ነው በታክስ?»

«በኬክ» አለች።

አሁንም አላስታወሰም። ብዙ ሰው ኬክ ያመጣልኛል አለ፤ እየቀለደ አልነበረም። ጠበቃው ክንዱን ይዞ አስገባው።

ቲገን ለችሎቱ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋላት ነበር፤ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ሰው ፖስታውን ራሱ መክፈት ስለ መልመዱ። ቨርሊን ገጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዳኛዋ ሁለት ደቂቃ ሰጥታታለች። ስሟን ተናገረች። ሦስቱን ፖስታዎች ለራስክ የሰጠችበትን ቀኖች ተናገረች። መቶ ዘጠና አራት ሌሊት አለች። የመለከቱ ኪራይ በወር ሠላሳ አምስት ዶላር እንደነበር ተናገረች። ከዚያ ወደ ራስክ ዞራ ስሟን ሁለተኛ ጊዜ፣ እየነጠለች፣ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ጸሐፊዋ ፊደሉን እንድትነግራት እስክትጠይቃት ድረስ። ፊደል በፊደል ነገረቻት። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

ሃያ ሁለት ወር ተፈረደበት። ጎሚስታ ቤቱ አሁን የስልክ መሸጫ ነው። ተማሪዎቹ በየፌብሩዋሪው ምድር ቤቱ ይገባሉ፤ በር ላይ የምትቆመው አሁንም ቨርሊን ናት።

ዳርኔታ ለመሥሪያ ቤቱ በወር ሰማንያ አምስት ዶላር ትከፍላለች። የጆስሊንን ፀጉር የምትሠራው ሌላ ሴት ናት።